ጸጋ ሳይጎድል ፍቅር ሲጎድል

ጥያቄ፦ የማስተማር ወይም የመዘመር ጸጋ ያለው አገልጋይ ፍቅር ቢያጣ አገልግሎቱ ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ቆሮንቶስ በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ ውስጥ ስለ ፍቅር የሚናገረው 13ኛው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ለብቻው ተነጥሎ ቢነበብም፣ የተቀመጠው ስለ መንፈሳዊ ስጦታዎች፣ ማለትም ምእመናንን ለመጥቀም ስለሚሰጡ የአገልግሎት ጸጋዎች፣ በሚያትቱት በ12ኛውና በ14ኛው ምዕራፎች መካከል ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች ስጦታ አልጎደላቸውም፤ ሆኖም ከ11ኛው ምዕራፍ እንደሚታየው፣ ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ ያለው ቀድሞ በልቶ፣ ጠጥቶም ሲሰክር፣ የሌለው ጦሙን ይቀር ነበር። በልሳን መናገርም፣ ይኸውም ሰሚው በማያውቀው ቋንቋ መጸለይ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ገብቶት አሜን ማለት ካልቻለ ተናጋሪውን እንጂ ሌላውን አያንጽም፤ ጳውሎስ በማኅበር መካከል ከ10,000 የማይገቡ ቃላት ይልቅ 5 የሚገቡትን የመረጠው ለዚህ ነው። እንግዲህ ፍቅር የስሜት ሙቀት ሳይሆን (ብዙ ጊዜ ግን እንዲያ ይታሰባል) ጸጋውን ከባለቤቱ ክብር ወደ ባልንጀራው ጥቅም የሚያዞር ፈቃድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ምጽዋት እንኳ ያለ ፍቅር ሊፈጸም መቻሉ ነው፤ ሐዋርያው ሀብቱን ሁሉ ለድኾች ስላካፈለ ፍቅር አልባ ሰው ሲጽፍ፣ ተቀባዮቹ አይጠግቡም አላለም፤ ምንም ሳይጠቀም የሚቀረው ሰጪው ነው።