ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፦ ከጥንቱ ትምህርት ቤት ምን እንውሰድ? ምን እንተው?



የቄስ ትምህርት ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጩኸትና አለንጋ ነው። ይሁን እንጂ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ከመከፈቱ በፊት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ማንበብ የቻለው ሰው በአብዛኛው የተማረው እዚያና በቁርዓን ትምህርት ቤት ነው። እስቲ የየኔታን አሠራር ለብቻው ነጥለን እንመልከት።

ልጁ መጀመሪያ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ፊደል ይቆጥራል። 33ቱ ፊደላት በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ታዲያ ልጅ ዜማውን ቶሎ ይሸመድዳል፤ ጣቱ አንዱን ፊደል እየነካ አፉ ሌላውን ይጠራል። የኔታ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ አቡጊዳን ያመጣሉ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የፊደሉ ተራ ተለውጧል፤ ድምፁም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በየፊደሉ ይቀያየራል። በቃሉ ብቻ የያዘ እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ በዐይኑ የለየ ያልፋል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ በመጨረሻም ዳዊት ይከተላል። አንዱን ሳያጠሩ ወደ ሌላው መሻገር የለም። የቀደመውም ልጅ ተከታዩን ያስቀጽላል።

ጉድለቱስ? ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙ ግን አይገባውም። ፍችው የሚመጣው ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ለደረሰ ነው፤ ብዙው ደግሞ ሳይደርስ ይቀራል። ልጃገረዶችም ከጥቂቶች በቀር ቦታ አልነበራቸውም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገርም ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ጸሎትና በመዝሙረ ዳዊት ነበር። ላቲኑ የሚፈታላቸው ደግሞ የመኳንንቱ ቋንቋ በነበረው በፈረንሳይኛ ነው። በ14ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግን የኦክስፎርዱ የሰዋስው መምህር ጆን ኮርንዎል በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረ። ጆን ትሬቪሳ እ.ኤ.አ. በ1385 እንደጻፈው፣ ልጆቹ ሰዋስውን ባጠረ ጊዜ ተማሩ፤ ፈረንሳይኛው ግን ጠፋባቸው። ትርፉም ኪሳራውም ይኸው ነው።

በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ ሀዲይሳንና ከምባትኛን ጨምሮ 15 ቋንቋዎችን አዳረሰ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ።

እንግዲህ ነገ ጊምቢቹም ሆነ ሌላ ቦታ አንደኛ ክፍል ስትገቡ፦

1ኛ/ ልጁ ፊደሉን በተራ ስለዘመረ አወቀ አትበሉ። ሀዲይሳ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛው በሀሁ ነው። ሁለቱንም እንደ አቡጊዳ አደበላልቃችሁ ጠይቁት።

2ኛ/ ክፍሉ ሲበዛባችሁ የገባው ያልገባውን ያስቀጽል።

3ኛ/ ያነበበውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ንገረኝ በሉት። ካልነገራችሁ ገና አላነበበም።

4ኛ/ ሁለተኛውን ቋንቋ ራሱን አስችላችሁ በትጋት አስተምሩ፤ በራሱ ይመጣል ብላችሁ አትተዉት።

5ኛ/ አለንጋውን እዚያው ተዉት።

የመወያያ ጥያቄ፦ በተግባር ልምምድ ክፍላችሁ በዜማ ብቻ የሚያነቡ ልጆችን በምን ትለዩአቸዋላችሁ?