ፍሬን አልይዝ ያለ ዕለት

ልጄ፣ ከትልቁ አውሮፕላን ወርደህ የግል ጄት ልታበር ነው አሉኝ። ደስ ብሎኛል፤ ብቻ ትንሽ ናት ብለህ እንዳትንቃት። ስለ በረራዋ መምህራኑ ይነግሩሃል። እኔ ጎማዋ መሬት ከነካ በኋላ ስላለችው ግማሽ ደቂቃ ጥቂት ልበልህ።

1. ፍሬንህን ገና አየር ላይ ሳለህ አስብለት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ መሣሪያው 120 ኖት ሲልህ ጎማህ መሬቱን የሚያገኘው በ135 ኖት ግድም ነው። ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በባሕር ጠለል ከፍታ ካለ ሜዳ ይልቅ እዚህ ሩብ ያህል ተጨማሪ ሙቀት ይሸከማል። «ለጥንቃቄ» ብለህ 10 ኖት ብትደርብበት ሌላ 17 በመቶ ገደማ ጨመርክለት። ይህን ጥንቃቄ የሚሉት ሰዎች ሁልጊዜ ይገርሙኛል።

2. የጎማህን ነፋስ በመለኪያ አስለካ። በዓይን አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ከተማ ላይ አንድ ሊርጄት 60 ለመነሣት ሲንደረደር ጎማዎቹ ፈነዱ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት የጎማዎቹ ነፋስ ለሦስት ሳምንት ያህል አልተለካም፤ በየቀኑ ግን 2 በመቶ ገደማ ይቀንስ ነበር። ካፒቴኗ መብረሩን ትታ ለማቆም ሞከረች፤ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው አልፎ ተቃጠለ፤ ከስድስቱ ሰዎች አራቱ ሞቱ።

3. አውሮፕላንህ መሬት ላይ መሆኑን ማወቁን አረጋግጥ። ይህን ከሁሉ አስበልጠህ ያዝልኝ። በዚያው የኮሎምቢያ አደጋ የጎማው ስብርባሪ በአውሮፕላኑ እግር ላይ ያለውን፣ መሬት መንካቱን የሚያሳውቀውን መሣሪያ ጎዳው። አውሮፕላኑም አየር ላይ ያለ መሰለው፤ ወደ ኋላ ሊገፋ የተከፈተውን ሪቨርስ ዘጋና ሞተሩ ወደ ፊት ገፋ። አብራሪዎቹ ግን ለማቆም ነበር የሚታገሉት! ያው ዓይነት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2001 አላባማ፣ ትሮይ ላይ ሲያርፍ አጋዘን ገጭቶ ይኸው ደርሶበታል። ስለዚህ እጀታውን መሳብህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሁንህ፤ መብራቱን እይ፣ ረዳትህም ያየውን ጮክ ብሎ ይናገር። ክንፉ ላይ የሚነሣው ስፖይለርም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ለ ካስቴሌ ላይ የአንድ ጉልፍስትሪም አብራሪዎች ሳያዘጋጁት አረፉ፤ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ዛፍ ውስጥ ገባ፤ የተሳፈሩት ሦስቱም ሞቱ። እና ለስላሳ አስተራረፍ አታሳድድ። ክብደቱ ቶሎ ጎማው ላይ ይውረድ፤ ተሳፋሪው አያጨብጭብልህ።

4. ፔዳሉ ባዶ ቢሆንብህ ደጋግመህ አትርገጠው፤ ወደ መጠባበቂያው ፍሬን እጀታ እለፍ። በብዙዎቹ ትንንሽ ጄቶች መጠባበቂያው የታመቀ ናይትሮጅን ነው፤ እጀታውን በለቀቅክ ቁጥር ጋዙ ይቀንሳል። ቀስ ብለህ ሳበው፣ ስበህም ያዘው። የጎማ መቆለፍን የሚከላከለው አንቲስኪድ በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ግራና ቀኙንም ለይተህ መያዝ አትችልም። እጀታውን ዓይንህን ጨፍነህ እስክታገኘው ድረስ ቆመህ ሳለህ ተለማመድ። መልሰህ ለመነሣት የምታስበው ሪቨርስ ካልከፈትክና ማኮብኮቢያው ገና ካልተበላ ብቻ ነው።

5. የፊት ጎማው ቢጠመዝዝህ የእጅ መሪውን አትያዝ። በከፍተኛ ፍጥነት አውሮፕላኑን የሚያቀናው የጭራው መሪ ነው፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ደግሞ የግራና የቀኝ ፍሬን። የፊት ጎማው መሪ ኃይል በየትኛው ቁልፍ እንደሚቋረጥ እወቅ። የፊት ጎማው ችግር አየር ላይ ከታወቀህ ግን ጊዜ የአንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የጄትብሉ ኤርባስ (የመንገደኛ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው) የፊት ጎማው 90 ዲግሪ ዞሮበት ሎስ አንጀለስ አረፈ። ሰዎቹ አልተቻኮሉም። ለሰዓታት ዞረው ነዳጅ አቃጠሉ፤ ሲያርፉም አፍንጫውን ቀና አድርገው የቻሉትን ያህል ያዙት። ከ146ቱ ሰዎች አንድ እንኳ አልተጎዳም።

6. ውኃ። የጎማህን ግፊት በፒኤስአይ ካሬ ሥሩን አውጣና በ9 አባዛ፦ 144 ከሆነ 108 ኖት ይሆናል። ከዚያ በላይ ጎማህ በውኃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ መሬት ሲነካ ገና ያልዞረ ጎማ ደግሞ በ92 ገደማም ይንሳፈፋል። ክረምት ሲመጣ ቁጥርህን ይዘህ ብረር።

7. ከቆምክ በኋላ የማቆሚያ ፍሬኑን አትሳብ፤ የጋለ ፍሬን ሊጣበቅ ይችላል። ሙቀቱም እዚያው አይበርድም፤ ከቆምክ በኋላ ለብዙ ደቂቃ መጨመሩን ይቀጥላል። ማንም በጎን በኩል ወደ ጎማው አይጠጋ፤ የሚሄድ ካለ ከፊት ወይም ከኋላ በኩል ይሂድ። ፍሬኑ በኋላ ተመልሶ ቢሠራም መዝገቡ ላይ ጻፈው፤ የሚመላለስ ብልሽት ቴክኒሽያኑን ያታልላል። ከኋላ የተቀመጡት ጌታ ስብሰባ አለብኝ፣ ቶሎ እንነሣ ይሉህ ይሆናል። በአክብሮት ታክሲ ጥራላቸው።