ያልለመድነውን ልብ ወለድ እንዴት እናንብብ?

ሰው የሚጥመውን ምግብ እንደሚመርጥ ሁሉ የሚያነበውንም መጽሐፍ ይመርጣል። በዚህ የሚነቀፍ የለም። ይሁን እንጂ ነገ ክፍል ገብተን ልጆችን ንባብ የምናስለምድ እኛ ነንና፣ የራሳችን ምርጫ ጠባብ ከሆነ ያንኑ ጥበት ለተማሪዎቻችን ማውረሳችን አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን በራሳችን ላይ በደረሰው ምሳሌነት ልናስረዳ እንሞክራለን።

አብዛኞቻችን ልብ ወለድ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን የሀዲስ ዓለማየሁ ሥራ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው፣ መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ለመካነ ሰላም ሰውማ አገሩም ሩቅ አይደለም፤ ዓባይን ሲሻገሩ ጎጃም ነው። በዚያ መጽሐፍ ተራኪው እየመራ ይወስደናል፤ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ ማን ምን እንዳሰበ በቅደም ተከተል ይነግረናል። እኛም ልብ ወለድ ሁሉ እንዲህ መሆን ያለበት ይመስለን ነበር።

እንዲህ ሳለን የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እጃችን ገባ። መጽሐፉ የታተመው በ1962 ዓ.ም.፣ ማለትም አብዮቱ ከመፈንዳቱ 4 ዓመት በፊት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በሰሜን ሸዋ ገጠር ሲሆን፣ ወይዘሮ አሰጋሽ የሚባሉ ባለርስት፣ አደፍርስ የሚባል የተማረ ወጣትና ሌሎችም ብዙ ሰዎች ይነጋገሩበታል። «ይነጋገሩበታል» ያልነው አለምክንያት አይደለም፤ ንግግሩ ከትረካው ይበዛል። በመጀመሪያው ምሽት ገና ጥቂት ገጽ እንደ ሄድን ማጉረምረም ተጀመረ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ታሪኩን መቼ ሊጀምር ነው?» አለ አንዱ። «አሁን የሚናገረው ማነው?» አለች ሌላዋ። መጽሐፉ ተዘጋና ሁለት ሳምንት መስኮት ላይ ተቀመጠ።

ከተዘጋበት ያስከፈተው የአንዲት ጓደኛችን አስተያየት ነው። «ከማታውቁት ሰው ቤት ቡና ተጠርታችሁ እንደ ገባችሁ ቁጠሩት» አለችን። በእርግጥም እንዲያ ስንገባ ስለ እያንዳንዱ ሰው የሚያብራራልን የለም። በአቦሉ ድምፅ ብቻ እንሰማለን፤ በቶናው ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ማን በማን እንደሚያሾፍ እንለያለን፤ በረካው ሲደርስ የቤቱን ገመና ሁሉ ሳይነግሩን አውቀነዋል። የ«አደፍርስ» አጻጻፍም ይኸው ነው። ደራሲው መተረክ አቅቶት አይደለም፤ በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ነው። ተራኪውን ገለል አድርጎ እኛን አዳማጭ ማድረጉ አስቦበት ነው።

ከዚያ በኋላ ተራ ተከፋፍለን፣ አንዱ አሰጋሽን፣ አንዱ አደፍርስን ሆኖ ድምፅ እያሰማን ማንበብ ጀመርን። በዓይን ሲያዩት የደረቀው ንግግር በጆሮ ሲሰሙት ሕይወት ዘራ። ሽሙጡ፣ ተረቱ፣ ምርቃቱ ሁሉ ከአያቶቻችን አፍ የምናውቀው ሆኖ ተገኘ። ሳቅንም።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አደፍርስ ብዙ ያነበበ፣ ሐሳቡን በረጅሙ የሚናገር ልጅ ነው። የአገሬው ሰው ደግሞ የራሱ ዕውቀትና የራሱ ጭንቀት አለው፤ ሁለቱ ይነጋገራሉ እንጂ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲያነብ ድንገት ዝም አለ። ለማስተማር ልምምድ ገጠር በወጣ ጊዜ፣ ከትምህርት የቀረች ልጅ አባት ዘንድ ሄዶ ስለ ሴቶች ትምህርት ጥቅም ግማሽ ሰዓት ያህል አስረድቷቸው ነበር። አባትየው እስከ መጨረሻው ሰምተው «እሺ መምህር» አሉት። በማግስቱ ልጅቷ አልመጣችም። ከዚህ ንባብ በኋላ ተመልሶ፣ ሳይናገር ጠየቀ። ለካ አያትየዋ ታመው ኖሮ ከምንጭ ውሃ የምትቀዳው እሷው ነበረች። እንግዲህ ያ «እሺ» የስምምነት እሺ አልነበረም። ልምምዱ እስኪያልቅ ልጅቷ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ነበር የመጣችው፤ ቢሆንም ያመለጣትን የምታካክስበት ሰዓት አብረው ሊወስኑ ችለዋል። አሰልቺ ያልነው መጽሐፍ ለካ ስለ እኛው ነበር የሚያወራው!

ከዚህ ተሞክሮ የሚከተሉትን ነጥቦች አግኝተናል፦

ሀ) ቶሎ አለመፍረድ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ! እንግዳ አጻጻፍ ጆሯችን እስኪለምደው ድረስ ዕድል እንስጠው።

ለ) የከበደንን ክፍል ድምፅ እያሰሙ፣ ከተቻለም በቡድን ማንበብ። የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና በወረቀት መያዝም ይረዳል።

ሐ) «ለምን እንደ ለመድኩት አልተጻፈም?» ከማለት ይልቅ «እንዲህ የተጻፈው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ።

መ) አንብቦ ከጨረሱ በኋላ አለመውደድም መብት ነው። ከእኛ መካከል አንዱ እስከ ዛሬ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያህል የለም ባይ ነው፤ አሁን ግን ምክንያቱን ከገጽ ገጽ እየጠቀሰ ይከራከራል። ሳያነብ ከሚጠላው ሰው የሚለየው በዚህ ነው።

ለአሠልጣኞቻችንም አንድ ሐሳብ አለን። ተማሪ መጽሐፍ ከበደኝ ሲል «ሰነፍ ነህ» ከሚባል፣ በር የሚከፍትለት አንድ ምሳሌ ቢሰጠው ይሻላል። እኛን ያዳነን የቡናው ምሳሌ ነውና።

የመጽሐፉን መጨረሻ እዚህ አንጽፍም፤ አንብባችሁ ድረሱበት።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ጀምራችሁ የተዋችሁት ልብ ወለድ የትኛው ነው? ያስቆማችሁ መጽሐፉ ነው ወይስ ልማዳችሁ?

2. በንግግር ብዛት የተሞላ አንድ ምዕራፍ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ብታቀርቡ በምን ዘዴ ትጀምራላችሁ?

3. «እሺ» የተባላችሁበት፣ ነገር ግን ያልተሰማችሁበት ጊዜ አለ? ያን ጊዜ ምን ሳትጠይቁ ቀራችሁ?