ሕፃን በሰው ቤት ሲውል

እናት ከወለደች በኋላ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ቀን ሲደርስ፣ ሕፃኑ የት ይዋል የሚል ጥያቄ በቤተ ሰቡ መካከል ይነሣል። አያት በአቅራቢያው ያለችለት፣ ወይም ሞግዚት ለመቅጠር ዐቅም ያለው ሰው እፎይ ይላል። የቀረው ግን ልጁን አቅፎ በሰፈሩ ወደሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ይወስደዋል። በዚያም አንዲት ሴት የጎረቤቶቿን ልጆች በወር ክፍያ ተቀብላ ታውላለች። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ዐይነቱ ቤት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ የሚሰጠው ፈቃድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላም 90 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራል። እንግዲህ በመካከል የሚቀሩት 3 ወራት ያህል፣ የሕፃኑ ምግብ በሌላ ሰው እጅ የሚያልፍባቸው ወራት ናቸው። በገበያ ለምትነግደው እናት ግን ይህ የፈቃድ ጊዜ እንኳ የላትም።

ተቆጣጣሪ ሰሌዳ የሰቀለውን መዋእለ ሕፃናት ያውቀዋል፤ ገብቶም ሊመረምረው ይችላል። በግል መኖሪያ ቤት፣ ያለ ሰሌዳና ያለ ፈቃድ የሚሠራውን መዋያ ግን የት እንዳለ ለማወቅ እንኳ ያዳግተዋል። ይህም ክፍተት በአገራችን ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሕፃናት በገንዘብ በሚያሳድጓቸው ሰዎች ቤት ሲሞቱ በመገኘታቸው፣ በ1872 እ.ኤ.አ. አዋጅ ወጣ። አዋጁም ከ1 ዓመት በታች የሆኑ ከአንድ በላይ ሕፃናትን ከ24 ሰዓት በላይ በክፍያ የሚያኖር ሰው እንዲመዘገብ አዘዘ። ጧት ሄዶ ማታ የሚመለሰውን ልጅ ግን አልነካውም። የቀን መዋያ ቤቶች እንዲመዘገቡ የታዘዘው በ1948 እ.ኤ.አ.፣ ማለት ከ76 ዓመት በኋላ ነው። ሕፃን ግን ሕግ እስኪደርስለት አድገቱን አያቆምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ወላጁ ራሱ ነው።

አንድ ጊዜ ለጉብኝት በገባንበት ቤት ወለሉ በሚገባ ተጠርጎ፣ ልጆቹም ጠባቂያቸውን እንደ እናት ሲከቧት አየን። ነገር ግን የልጆቹ መቀመጫ የታጠበበት ሳፋ፣ ኩባያዎቹም የሚለቀለቁበት ሳፋ እርሱው ነበር። ስለዚህ ነገር ብንጠይቃት፣ «የሕፃን ዐይነ ምድር ምን ክፋት አለው?» ስትል በቅንነት መለሰችልን። ብዙ ሰው እንደ እርስዋ ያምናል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። በሕፃን ዐይነ ምድር ውስጥ እንደ ሮታ ቫይረስ ያሉ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን ይገኛሉ። 6 ልጆች በአንድ ሳፋ ሲታጠቡ የአንዱ ተቅማጥ ማታ ወደ 6 ቤት ይገባል። ፍቅር ብቻውን ሳፋውን አያነጻውም።

ስለሆነም ወላጅ ልጁን ከመስጠቱ በፊት የሚከተሉትን በዐይኑ ይመልከት።

1ኛ/ የልጆቹ ብዛት። እሳት ቢነሣ ጠባቂዋ ስንቱን ሕፃን ተሸክማ ለመውጣት ትችላለች ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

2ኛ/ የሽንት ጨርቅ የሚለወጥበት ስፍራ ምግብ ከሚዘጋጅበት የራቀ፣ የመታጠቢያውም ሳፋ የተለየ ይሁን። ጠባቂዋ ጨርቅ በለወጠች ቍጥር እጇን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ትታጠብ።

3ኛ/ የታለበ የጡት ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው በማቀዝቀዣ ይደረግ። ጡጦን ማጽዳት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በኩባያ መስጠት ይሻላል።

4ኛ/ ልጆች ባሉበት ክፍል ከሰል አይንደድ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሕፃንም ሳይነቃ ይገድላል።

5ኛ/ ጨቅላ ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ፊቱም በጨርቅ አይሸፈን።

ወላጅም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት፣ እንዲሁም በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ሳይጓደል ልጁን ያስከትብ። ተቅማጥ ወይም ትኵሳት የያዘውን ልጅ ደብቆ ወደ መዋያው መላክ የሌሎችን ልጆች ሕይወት መድፈር ነው።

ጠባቂዋን እንደ ወንጀለኛ ማየት ግን አይገባም። ብናስፈራራት በሯን ትዘጋለች እንጂ ሳፋዋን አትለውጥም። ይልቁንም በአቅራቢያዋ ካለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር እናስተዋውቃት፤ ወላጆችም ተባብረው ሁለተኛውን ሳፋና ሳሙናውን ይግዙላት። እኛ የጐበኘናት ሴት ነገሩ ከገባት በኋላ፣ በዚያው ቀን ሳፋዎቹን በቀለም ለይታ አስቀምጣለች።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ከተማሪዎቻችሁ መካከል ታናሽ ወንድሙን ወይም እኅቱን ጧት ወደ እንዲህ ያለ ቤት አድርሶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ይኖራል። እነዚህን 5 ነገሮች ብታስተምሩት፣ ተቆጣጣሪ ወደማይደርስበት ቤት በየቀኑ የሚገባ አንድ ንቁ ዐይን ታገኛላችሁ።