ጨውና የልጅ አእምሮ

በደጋው አገራችን አንገቱ ያበጠ ሰው ያላየ የለም። እብጠቱ እንቅርት ይባላል። ብዙዎቻችን እንቅርትን የመልክ ነገር ብቻ አድርገን እናየዋለን። ነገሩ ግን ከመልክ ያለፈ ነው። እንቅርት እጅግ በበዛበት አገር መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ ነገር ቶሎ የማይገባቸው ልጆችም ይወለዳሉ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

የሚያገናኛቸው የአዮዲን ማነስ ነው። በጉሮሯችን ፊት ለፊት አንድ ዕጢ አለ። ይህ ዕጢ አካልንና አእምሮን የሚያሳድግ ቅመም ይሠራል። ቅመሙን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ለመሰብሰብ ይታገላል፤ ሲታገልም ያብጣል። እንቅርት ማለት ይኸው ነው።

የሚያስፈልገን አዮዲን በጣም ጥቂት ነው። ለአንድ ሰው ዕድሜ ልክ የሚበቃው ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ነገር ግን ሰውነታችን ለዓመታት አያስቀምጠውም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማግኘት አለብን።

ታዲያ ለምን አነሰን? ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከተራራው አፈር አጥቦ ይወስደዋል። አፈሩ ያጣውን ጤፉም፣ ገብሱም፣ ሣሩም ያጣል። ያንን ሣር የበላች ላም ወተቷም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጎተራው ሙሉ የሆነ ቤት እንኳ አዮዲን ሊያጥረው ይችላል።

ጉዳቱ የሚከፋው በእርግዝና ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ ዕጢ ገና ሥራ አልጀመረም። ቅመሙን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። እናት በጣም ካነሳት የልጁ አእምሮ በደንብ አያድግም። ይህ ጉዳት ከተወለደ በኋላ ጨው በመብላት አይሽርም። የሚቀጥለውን ልጅ ግን ማዳን ይቻላል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «እርግማን ነው»፣ «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። እናቲቱም ትወቀሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ደግሞም የልጅ እድገት ሁሉ የሚሰናከለው በአዮዲን ማነስ ብቻ አይደለም። የተራዘመ ምጥ፣ የማጅራት ገትር በሽታ፣ ሌላም ምክንያት አለ። ስለዚህ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው እንጂ በጓዳ አንደብቀው።

የስዊዘርላንድ ሰዎችም በተራራ አገር ይኖራሉ። ይህ ችግር በዝቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 አዮዲን የተጨመረበት ጨው መጠቀም ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ችግሩ እየጠፋ ሄደ። በእኛም አገር ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ጨው ስንገዛ ከረጢቱን እናንብብ። «አዮዲን ያለው ጨው» የሚል እንምረጥ። አሞሌ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም።
2. ጨውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ እናስቀምጥ። ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉታል።
3. ጨውን አንጠበው። አዮዲኑ ከውኃው ጋር ይሄዳል።
4. ወጡ ከበሰለ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል እንጨምር።
5. ጨው አናብዛ። የሚያስፈልገው አዮዲን ያለው ጨው ነው እንጂ ብዙ ጨው አይደለም።
6. እንቅርትን አንተኩስ፣ አንብጣ። ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። በገበያ መሐል የጨው ከረጢት አንብባ የምትገዛ እናት የልጇን አእምሮ ትጠብቃለች። አባትም ወደ ገበያ ሲወርድ ይህን አይርሳ።

ጥያቄዎች

1. እንቅርት ለምን ያብጣል?
2. ጎተራው የሞላ ቤት አዮዲን ሊያጥረው የሚችለው ለምንድን ነው?
3. ጨው ወጥ ውስጥ የሚጨመረው መቼ ነው?
4. በቤታችሁ ያለው ጨው አዮዲን አለው? ከረጢቱን አንብባችሁ ለጎረቤት ንገሩ።