«ቁርጥ ይሁን» ከማለትሽ በፊት

በዲላ ከተማ ስድስት ተከራይ ባለበት ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየች ወጣት መምህርት፣ አከራይዋ የመብራት ሂሳቡን በወር ቁርጥ አድርጋ እንድትከፍል ጠየቋት። መልስ ከመስጠቷ በፊት በኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ጎረቤቷን ልታማክር ሄደች።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አከራዬ «በወር 300 ብር ቁርጥ ክፈይ፤ ጨመረ ቀነሰ ብለን አንጨቃጨቅም» አሉኝ። ልቀበል?

አዛውንቱ፦ በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀሚያለሽ?

ወጣቷ፦ አላውቅም። ለግቢው ሁሉ ያለው አንድ ቆጣሪ ነው።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው 300 ብሩ ይብዛ ይነስ አንቺም አታውቂም፤ እሳቸውም የቆረጡት በግምት ነው። ክፍልሽ ውስጥ ምን ምን አለ?

ወጣቷ፦ አምፖል፣ ትንሽ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር። እንጀራ እገዛለሁ፤ ወጥ የምሠራው በከሰል ነው።

አዛውንቱ፦ እናስላው። ባለ 9 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን ያንኑ ያህል ቢከፈት 12 ይሆናል። ስልኩ ተጨምሮ 15 ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ወደ 3500 ዋት ይስባል፤ ለአንድ ጋገራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ምጣድ ያላት ጎረቤትሽ ሦስት ጊዜ ስትጋግር የአንቺን የወር ፍጆታ ጨረሰች ማለት ነው።

ወጣቷ፦ ሁለታችንም 300 ከከፈልን የእሷን እየከፈልኩ ነዋ!

አዛውንቱ፦ አዎ። የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ታሪፉ የወጣው ጥቂት የሚጠቀም በአነስተኛ ዋጋ እንዲከፍል ነው። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያደገውን ብታዪ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ግን መጨረሻ ላይ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ፣ ዘጠኝ እጥፍ። ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሂሳቡ እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይሠራል። በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ለድሃ የታሰበው ዋጋ ድሃ ተከራይ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ወጣቷ፦ ግን እኮ ዋጋው እየጨመረ ነው። ቁርጥ ከሆነ ከጭማሪው አመልጣለሁ።

አዛውንቱ፦ ልክ ነሽ፣ የቁርጥ ጥቅሙ እሱ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል ተወስኗል። ግን ጭማሪውን በነፃ የሚሸከምልሽ ማን ነው? እዚህ ጌዴኦ ውስጥ በክረምት ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ቡናውን ገና ሳይቀላ ዋጋ ቆርጦ ይሸጣል። ገዢው ለሚሸከመው ስጋት ብሎ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። አከራይሽም ሊመጣ የሚችለውን ጭማሪ ገምተው ከፍ አድርገው ነው የሚቆርጡት። አለመጨነቅም ዋጋ አለው፤ ስንት እንደሆነ ሳታውቂ ግን አትግዢው።

ወጣቷ፦ እንግሊዝ ያለው ወንድሜ እዚያ ሰው ከኩባንያ ጋር በቁርጥ ዋጋ ይዋዋላል ይለኛል።

አዛውንቱ፦ እዚያ ሻጩ ብዙ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው አንድ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ ታሪፉንም የሚያጸድቀው መንግሥት ነው። እዚያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 የጋዝ ዋጋ ሲንር ብዙ ሻጮች ከስረው ደንበኞቻቸው የተዋዋሉበትን ዋጋ አጥተዋል። ቁርጥ የሚጸናው ቃል የሰጠው ሰው መሸከም እስከቻለ ድረስ ነው። አከራይሽ በሦስተኛው ወር «አልቻልኩም» ቢሉ ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ?

ወጣቷ፦ ምንም። በቃል ነው የተነጋገርነው። ታዲያ ምን ላድርግ?

አዛውንቱ፦ በእሳቸው ፈቃድ ባለሙያ በክፍልሽ መስመር ላይ ትንሽ ቆጣሪ ይግጠምልሽ። በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቁጥሩን ፎቶ አንሺ፤ ልዩነቱ ፍጆታሽ ነው። የግቢውን ቢል ለግቢው ፍጆታ አካፍይና በአንቺ ፍጆታ አባዢው። ለምሳሌ ግቢው 320 ተጠቅሞ 1600 ብር ቢመጣ አንዱ 5 ብር ነው፤ የአንቺ 16 ከሆነ 80 ብር ትከፍያለሽ።

ወጣቷ፦ ባይፈቅዱስ?

አዛውንቱ፦ አትጣያቸው። እሳቸውም ከኪሳቸው እየሞሉ ሊሆን ይችላል። ያለፉትን ሦስት ወራት ቢል አሳዩኝ በያቸው። ቁርጥ ካልሆነ ካሉ፣ ምጣድ ለሌለው ዝቅ፣ ላለው ከፍ ያለ ይሁን። ለስንት ወር እንደሚጸናና የትኛው ዕቃ እንደሚፈቀድ በኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን ሁሉ እምቢ ካሉ 300 ብሩን እንደ ኪራይ ጭማሪ ቁጠሪውና ቤቱ በዚያ ዋጋ ያዋጣሽ እንደሆነ አስቢ።

ወጣቷ፦ ነገ እኔም ምጣድና ስቶቭ ብገዛስ? ያኔ ቁርጡ ይሻለኝ ይሆናል።

አዛውንቱ፦ ለኪስሽ ይሻልሽ ይሆናል። ልዩነቱን የሚከፍልልሽ ግን አንድ አምፖል ብቻ ያለው ጎረቤትሽ ነው። ዛሬ ለራስሽ የፈለግሽውን ቆጣሪ ያን ጊዜ ለእሱ ብለሽ ጠይቂ።