የጡት ካንሰርን ስለ ማወቅ

የጡት ካንሰር ብዙዎችን የሚያዘናጋው በመጀመሪያ ስለማያሳምም ነው። በጡት ወይም በብብት ውስጥ ጠጠር ያለ ዕጢ ይዳሰሳል፤ «ካልቆረቆረኝ ምን ያደርገኛል» ተብሎ ይታለፋል። ቆይቶ ግን ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽም ይታያል። እርግጥ ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የሚለየው ግን ከዕጢው በመርፌ ተወስዶ የሚመረመረው ናሙና እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

የዕድሜ መግፋት፣ የእናት ወይም የእኅት በዚሁ ደዌ መያዝ፣ የአልኮል መጠጥም አደጋውን ይጨምራሉ፤ ጡት ማጥባት ይቀንሰዋል። ሆኖም አብዛኞቹ ሕሙማን በቤተ ሰባቸው ቀድሞ የታመመ የሌላቸው ናቸው። ወንዶችንም፣ በጥቂቱ ቢሆን፣ ይይዛል።

ሕክምናው ቀዶ ጥገና፣ ኬሞቴራፒ፣ የጨረርና የሆርሞን ሕክምና ነው። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከሩቅ የመጡ ሴቶች ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ግን መንገዱ አጭር ነው፤ እኛን የሚያዘገየን ርቀት ሳይሆን ኀፍረት ይመስለኛል።

ካቴኪስቶች ይህን አስረዱልን፦ ምሥጢረ ቀንዲል ለሚሞት ሰው ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ እንደምታስተምረው፣ ከከባድ ቀዶ ጥገና በፊትም ይሰጣል። ስለዚህ ቀጠሮ የተያዘላት እኅት ቀኑን ለቁምስናዋ ካህን አስቀድማ ትንገረው።